ልለቅ ነው ባዮች

«ልለቅ ነው» የሚል ሠራተኛ አይለቅም። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ባይ አንድ አይጠፋም። ጠዋት ፈርሞ እንደገባ አለቃውን ያማል። በሻይ ሰዓት ደመወዙን ያማል። ከምሳ በኋላ «ሲቪዬን አስተካክይልኝ» እያለ ጸሐፊዋን ያደርቃታል። ከርሞም እዚያው ነው። ለምን ቢሉት፣ የቢሮው እቁብ ገና አልደረሰውም። ሲደርሰው ደግሞ ሰርቪሱ ያሳሳዋል። ከአያት ሜክሲኮ በታክሲ ከመጋፋት አለቃን መቻል ይቀላላ!

የሚለቀው ዝምተኛው ነው። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስጥ ሲባል «ሐሳቤ ተነሥቷል» ብሎ የሚቀመጠው። ሰው የሚለቀው በደመወዝ ነው ይባላል፤ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን እሑድ ጠዋት፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በቴሌግራም ግሩፕ «ሪፖርቱ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጽፍ አለቃ ነው። ዝምተኛው አውራ ጣት ብቻ ይልካል። አለቃው መልስ ያገኘ ይመስለዋል። ልጁ ግን በልቡ ለቋል።

ደብዳቤው ሲመጣ ግርግር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። አዋጁን ያነበበ ሰው በመካከላቸው መኖሩ ራሱ አለቆቹን ያስደነግጣል።

ከዚያ ክሊራንስ አለ። ቶነር ሲጠየቅ «አልቋል» ከማለት በቀር ምንም የማያውቀው ንብረት ክፍል ድንገት የማስታወስ ችሎታው ይመለሳል። «በ2009 የወሰድከው ስቴፕለር የታለ?» ይላል። ስቴፕለሩ የጠያቂው ጠረጴዛ ላይ ነው። «እሱ ሌላ ነው።» ልጁ ከኪሱ ገዝቶ ይተካል።

በመጨረሻ ሽኝት። ኬክና ለስላሳ ይቀርባል። አለቃው ብድግ ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «የመሥሪያ ቤታችን ምሰሶ ነበር» ይላሉ። ምሰሶው ደንግጦ ዞር ዞር ይላል፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሎታል። የደረጃ ዕድገት በጠየቀ ቁጥር «በጀት የለም» ሲባል የኖረ ምሰሶ እኮ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚመሰገነው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲለቅና ሲሞት። ሲለቅ ይሻላል፤ ቢያንስ ኬኩን ይቀምሳል።

ወዲያው ማስታወቂያ ይለጠፋል። «የሥራ ጫና መቋቋም የሚችል፣ ደመወዝ በስምምነት።» በስምምነቱም ምሰሶው ለምኖ የተከለከላት ጭማሪ ለአዲሱ ልጅ ትሰጣለች። ለሙከራ 60 የሥራ ቀን አለው። ስቴፕለሩን ግን በገባበት ቀን አስፈርመው አስረከቡት።