ምስጋና ለዝምታ አርበኞቻችን

ጉለሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ድረስ ዳገት ወጥታችሁ «ትንሽ ልረጋጋ» ለምትሉ ወገኖቼ ሁሉ ምስጋና ይድረሳችሁ። እናንተና ስፒከራችሁ ባትኖሩ ኖሮ እኮ ያ መካነ መቃብር ጭር ብሎ ሊቀር ነበር! የእንጦጦ ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያንሿሽሽ ብቻ እየሰሙ ለተኙት፣ ስንት ዘመን የሚያጫውታቸው ላጡት ምስኪኖች ደረሳችሁላቸው። ዕድሜ ይስጣችሁ።

በቱታ ሆኖ መቃብር ለመቃብር እየዘለለ ላቡን የሚያወጣው ስፖርተኛ ይመስገን። እብነ በረድ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ቺፕስ የምትበላዋም አትረሳ፤ ፌስታሉን ለሟች ትታለት ትሄዳለች፣ ቸር ናት።

የሁሉም አውራ ግን ባለፈው እሑድ ያየሁት የላይቭ ጀግና ነው። ስልኩን ከአንድ የመቃብር መስቀል ጋር በላስቲክ ጥፍር አድርጎ አሰረና ጀመረ። «ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ አብረን ዝም ልንል ነው። ዝም ከማለታችን በፊት ግን ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጉልኝ!» ነካ ነካ ተደረገለት። ዝም አለ። ሁለት ትንፋሽ ያህል። «ቤተሰብ፣ ዝምታው ይሰማችኋል? የሚሰማችሁ አንድ ቁጥርን ጻፉልኝ!» ጻፉለት መሰለኝ፣ ፈገግ አለ። አንዱ «ይቆራረጣል» ብሎት ኖሮ ስልኩን ፈትቶ ከፍ ያለ ሐውልት ላይ ወጣ፤ ዝምታው እዚያ ጥሩ ኔትወርክ አለው። «አሁንስ?» አሁን ጠራ። ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ እንባው ሊመጣ ሲል አንበሳ፣ ተመልካች በገንዘቡ ገዝቶ የሚልከው የላይቭ ስጦታ፣ ገባ! «አንበሳ! አንበሳ! ኧረ ነፍስህን ይማረው አንበሳዬ!» እያለ ሐውልቱ ላይ ጨፈረ። በቁሙ ነፍስ ይማር የተባለው ለጋስ ምን እንደተሰማው እንጃ።

ቀጥሎ ታሪክ አስተማረን። ካሜራውን ወደ አንድ የአርመን መቃብር አዙሮ «ይሄ ጽሑፍ ጥንታዊ ግዕዝ ነው፣ ደብቀውን ነው!» አለ። የአርመን ፊደል እኮ ነው ወንድሜ፤ ሜስሮፕ ማሽቶትስ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለአርመንኛ የቀረጸው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አዲስ አበባን በማርሽ ያናወጧትን፣ ሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ መድረሱን ቢያወራ ምን ነበረበት? ነገር ግን ይህ ሁሉ አንበሳ አያስገባም። የተደበቀ ግዕዝ ያስገባል፤ አስገባም።

ሐውልቱ ሥር፣ አፈሩ ገና ካልደረቀ መቃብር አጠገብ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡ እናት ነበሩ። «ማዘር፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ፍሬም ውስጥ ገቡብኝ» አላቸው። «እሺ ልጄ» ብለው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ይህ ነውር ነው! ጎረቤት ሲሞት ሬዲዮ የሚዘጋበት፣ ድግሱ ተደግሶ ያለቀ ሠርግ የሚተላለፍበት ሰፈር ያሳደገው ልጅ፣ ሐዘንተኛን ከመቃብር ላይ ያስነሣል? ለስንት ብር? ዙሪያውን የቆሙትስ? «ተው» ከማለት ይልቅ እነሱም ስልካቸውን አወጡ፤ አንዱ እንዲያውም የእናትየውን ፊት አቅርቦ ቀረጸ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። እነዚህ አርበኞች በዚህ ሁኔታ መልፋት የለባቸውም። በየሐውልቱ ራስጌ የቻርጀር መሰኪያ ይገባላቸው። ሟችም ከእንግዲህ ሲቀበር ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ታይቶ ይሁን፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ብቻ ማዞር ለከሰዓት ቀረጻ አይመችም። ሐዘንተኞችም አርባና ሰማንያ ሲያወጡ አስቀድመው ፕሮግራሙን ይጠይቁ፣ ከላይቭ ጋር እንዳይጋጭ። ለቅሶ የግድ ከሆነ ደግሞ ከካሜራ ጀርባ፣ ቀስ ተብሎ።

ለሚመለከታችሁ ሁሉ፦ «ዝምታ ክፍል ሁለት» የፊታችን እሑድ ከሰዓት ነው። የመጀመሪያው በደንብ አልተሰማም ስለተባለ ትልቁን ስፒከር ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል።