ድልድዩ ላይ «አይዞህ» ያሉኝ እናት
ማራቶን የሚጀምረው ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው የሚባለው እውነት ነው። እኔ የመጀመሪያዬን የሮጥኩት ዋሽንግተን፣ የአሜሪካ ማሪን ጦር በሚያዘጋጀው ማሪን ኮርፕስ ማራቶን ላይ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሰው ሲፈጥን አይቼ እኔም ፈጠንኩ (ጀማሪዎች፣ የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር በጣም ቀስ በሉ፣ ጉልበት የሚሰጠውን ጄልም ሳይደክማችሁ በፊት ውሰዱ) እና 14ኛው መንገድ ድልድይ ላይ ስደርስ ባቴ እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ መራመድ ጀመርኩ። ከድልድዩ ስወርድ ነጠላ የለበሱ እናት ቲሸርቴ ላይ ባንዲራዋን አይተው «አይዞህ ልጄ፣ በርታ!» ብለው የተላጠ ብርቱካን እጄ ላይ አደረጉልኝ፣ በቃ እንባዬ መጣ። መጨረሻው ደሞ ኢዎ ጂማ የሚባለው የማሪኖቹ መታሰቢያ ሐውልት ጋ ዳገት ነው፣ ግን ሮጬ ወጣሁት። ሜዳሊያውን አንድ ወጣት ወታደር ሲያጠልቅልኝ እጄ ገና ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር።