ክረምት ለንብ የጥጋብ ወቅት አይደለም

ሰላም ወገኖች። «ክረምት ሲገባ አገሩ ይለመልማል፣ ንቧ ራሷን ትችላለች፤ ሰኔ ላይ ማሩን እንዳለ ቁረጡት» የሚል ምክር ሲደጋገም አየሁ። በቅንነት የተባለ ነው፤ ግን ስህተት ነው።

ንብ ቅጠል አትበላም። የምትፈልገው አበባ ነው። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አበባ ይሳሳል፤ ያለውንም ዝናቡ ያጥበዋል። ዝናብ እየወረደ ደግሞ ንቧ ከቀፎ አትወጣም። እነ አደይ አበባና ኑግ የሚደርሱት ከመስከረም ወዲህ ነው። እስከዚያ የምትኖረው ባጠራቀመችው ማር ነው። እሱን ሙልጭ አድርገን ከወሰድንባት ወይ ትሞታለች፣ ወይ ቀፎውን ጥላ ትሄዳለች። ኅዳር ላይ የሚቆረጠውም ማር አብሮ ቀረ ማለት ነው።

ማጣራት ቀላል ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ቀፎው ደጃፍ ጠጋ በሉና የሚገቡትን ንቦች የኋላ እግር እዩ። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የአበባ ዱቄት የያዙት ጥቂት ከሆኑ ውጭ ምግብ የለም። ቀፎውን ከኋላ ትንሽ ብድግ አድርጉት። ከቀለላችሁ ማታ ማታ የተበጠበጠ ስኳር ስጡ፤ በሶም ይሆናል። ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ ይሄው ዝናብ እያለ ግራዋና ትሪ ሉሰርን (ንብ አበባውን የምትቀስመው የመኖ ዛፍ) አጥሩ ዳር ትከሉ። ከሰኔው ማር ግን ጥቂት የማር እንጀራ (ማር የያዘውን ሰፈፍ) ሳትነኩ ተዉላት።