እባካችሁ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ስታስቀምጡ ባትሪውን አውጡ!

ወገን፣ ይሄን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። ከመጋዘን የወጣ 386 ኮምፒውተር (በፕሮሰሰሩ ስም የሚጠራ የድሮ ፒሲ) ለሽያጭ ይቀርባል። ኬዙ ጭረት የለበትም፣ ኪቦርዱ አንድ ቁልፍ አልጎደለውም፣ «ምንም አልሆነም፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው» ይባላል። ክዳኑ ሲነሳ የማዘርቦርዱ አንዱ ጥግ አረንጓዴ ለብሷል፣ የቺፖቹ እግር ተበልቷል። ዝም ብሎ ተቀምጦ ነዋ! የገደለው እኮ እሱ ነው። ባትሪው ሳይወጣለት ስንት ዓመት ተቀመጠ! ማዳኛው ደግሞ አንድ መቁረጫ ፒንሳና የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። የሚያንገበግበው ይሄ ነው።

ስለየትኛው ባትሪ እንደማወራ ግልጽ ላድርግ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመቱን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠቅሰው) በተሠሩ 286፣ 386 እና ብዙ 486 ቦርዶች ላይ፣ ከኪቦርድ መሰኪያው አጠገብ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ በርሜል ቅርጽ ያላት ባትሪ ታገኛላችሁ። ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ናት፣ ቫርታ የሚል ይጻፍባታል፣ 3.6 ቮልትና 60 ሚሊአምፒር አወር። ኒኬል ካድሚየም ናት፣ ሥራዋም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱንና የሲሞስ ሴቲንጉን (ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበውን ማስተካከያ) መያዝ ብቻ ነው። ማሽኑ በየቀኑ ሲከፈት ቻርጅ ትደረጋለች። ዓመታት ተዘግቶ ሲቀመጥ ግን ባዶ ትሆናለች፣ ማሸጊያዋ ይለቃል፣ ውስጧ ያለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ መውጣት ይጀምራል።

ይሄ ፈሳሽ ወጥቶ እዚያው ቢደርቅ ጥሩ ነበር። አይደርቅም። በባትሪው እግር ይወርድና መዳቡን ይይዛል፣ ከአረንጓዴው ሽፋን ሥር ገብቶ መስመር መስመሩን ይሄዳል፣ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች አልፎ ከቦርዱ ጀርባ ይወጣል። መጀመሪያ የምታዩት ነጭ ዱቄት ነው፣ ቀጥሎ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል። አንጸባራቂ የነበረው ሊድ (ቺፖቹ የተበየዱበት) ግራጫ ይሆንና የመበየጃ ካውያ ሲነካው እንኳ አልቀልጥ ይላል። ከሽፋኑ ሥር የጠቆረ መስመር ካያችሁ መዳቡ አልቋል ማለት ነው፣ ከላይ ደህና ቢመስልም።

ቦታው ደግሞ የባሰ ነው። ከባትሪዋ ጎን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 40 እግሩ የኪቦርድ መቆጣጠሪያ ቺፕ አለ፣ 8042 ወይም ዘመዱ። ይሄ ቺፕ ኪቦርድ ብቻ አይደለም የሚያዘው። ኤ20 የሚባለውን የሚሞሪ መስመርና ፕሮሰሰሩን ሪሴት የማድረግ ሥራም በእሱ በኩል ነው የሚሄደው። ስለዚህ የእሱ መስመሮች ሲበሉ ወይ «ኪቦርድ ኤረር» ይላል፣ ወይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ሰው «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርድና ቦርዱን ይጥለዋል። ፕሮሰሰሩ ምን አጠፋ?

ሌላም የሚያበግን ነገር አለ። በ1981 የወጣው አይቢኤም 5150 ቦርዱ ላይ የሰዓት ባትሪ የለውም። በ1984 የመጣው አይቢኤም ኤቲ ባትሪ ነበረው፣ ግን ከቦርዱ ርቆ በሽቦ የተሰካ ነበር፤ ቢያፈስም ቦርዱን አያገኘውም። ከዚያ በኋላ የመጡት ርካሽ ቦርድ አምራቾች ናቸው ባትሪዋን እዚያው ላይ የበየዷት። በዚህ የተነሳ የ1981ዱ ማሽን ዛሬም ሲነሳ በአሥር ዓመት የሚያንሰው 386 አፈር ሆኖ ይገኛል። ዕድሜ ነው የሚል ካለ ይሄን ይመልስልኝ።

አሁን ወደ ጥገናው ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚያም ቤት ስህተቱ ተቆልሏል። «የባትሪ ፍሳሽ በቤኪንግ ሶዳ ነው የሚታጠበው» የሚል ምክር ከአፍ አፍ ይዞራል። ለመኪና ባትሪ እውነት ነው፣ እሱ አሲድ ነው። ይቺ ግን አልካላይን ናት፣ የአሲድ ተቃራኒ! በአልካላይን ላይ ሶዳ ስትጨምሩ ምንም አይሆንም፣ የታጠበ ይመስላል እንጂ መበላቱ ይቀጥላል። እዚህ የሚያስፈልገው ደካማ አሲድ ነው፣ ያውም በየሱቁ ያለው ነጭ አቼቶ። ሎሚ አትጭመቁበት፣ ስኳሩና ጭማቂው ራሱ ቦርዱ ላይ ይቀራል። በተቃራኒው እንደ ኤስኢ/30 ያሉ የድሮ ማኪንቶሾች ውስጥ ያለችው ግማሽ ጣት የምታህል 3.6 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ስትፈነዳ የሚወጣው አሲድ ነው፤ ሶዳው ለእሷ ነው። የትኛው ባትሪ እንደሆነ ሳይለዩ ማጠብ ነው ጥፋቱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ባትሪዋን በመቁረጫ ፒንሳ ከእግሯ ቁረጡ። ጎትታችሁ አትንቀሉ፣ የተበላው መዳብ አብሮ ይላጣል። ደረቁን ዱቄት በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አራግፉ፣ ዱቄቱ ካድሚየም ስላለበት ወደ ውስጥ አትተንፍሱት፣ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍኑ። በአቼቶ የራሰ ጥጥ ጥጉ ላይ አድርጋችሁ አረፋው እስኪቆም ጠብቁ፣ በብሩሽ እሹት፣ ድገሙት። አቼቶውን ግን እዚያው አትተዉት፣ እሱም መዳብ ይበላል። በዲስቲልድ ውሃ በደንብ አለቅልቁ፣ ቀጥሎ በ99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ፐርሰንቱ ቀሪው ውሃ ስለሆነ እሱን ከተጠቀማችሁ ቦርዱ እስኪደርቅ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ጠብቁ። ሶኬት ላይ የተሰካ ቺፕ ካለ ነቅላችሁ ሶኬቱን ውስጡን እዩ። ፈሳሹ መደበቅ የሚወደው እዚያ ነው። ሶኬቱ አረንጓዴ ከሆነ ማጽዳት ምንም አያደርግለትም፣ ይቀየር።

ከዚያ ትዕግስት የሚጠይቀው ይመጣል። ሞልቲሜትሩን ድምፅ ላይ አድርጋችሁ በዚያ ጥግ ያለውን መስመር ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈተሽ ነው። የማይጮኸው ተቆርጧል። የጠቆረውን ሽፋን በቀስታ ፍቃችሁ ንጹህ መዳብ እስክታገኙ ሂዱ፣ ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚቀባውን) እና አዲስ ሊድ አልብሱት፣ የተቆረጠውን ደግሞ 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ባለ ሽፋን ሽቦ ከእግር ወደ እግር ቀጥሉት። ብዙ «ሞተ» የተባለ ቦርድ ከአምስት ስድስት ሽቦ በላይ አይፈልግም። ይሄን ሳይሠራ ሆት ኤር (ሊድ የሚያቀልጥ የሞቃት አየር መሣሪያ) ይዞ ቺፕ የሚነቅል ባለሙያ ካያችሁ ማሽናችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ።

ባትሪ ስትተኩም በተነሳችው ቦታ ሲአር2032 (ሳንቲም የምትመስለውን ሊቲየም ባትሪ) አምጥታችሁ አትበይዱ! ያ መስመር ቻርጅ ያደርጋል፣ ሲአር2032 ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አይደለም፣ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ግድ ከሆነ 1ኤን4148 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በመሃል አስገቡ፣ ግን ከዳዮዱ በኋላ የሚቀረው ከ3 ቮልት በታች ስለሆነ አንዳንድ ቦርድ አይበቃውም። የተሻለው መንገድ ይሄ ነው፦ ብዙዎቹ ቦርዶች ባለ 4 ፒን የውጭ ባትሪ መሰኪያ አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ፒን 1 ፖዘቲቭ፣ ፒን 4 ግራውንድ ነው፣ ግራውንዱን በሞልቲሜትር አረጋግጡ። ሦስት ተራ የጣት ባትሪ የሚይዝ ማቀፊያ 4.5 ቮልት ይሰጣችኋል። ማቀፊያውን በረጅም ሽቦ ከቦርዱ አርቃችሁ ኬዙ ላይ ለጥፉት። የቦርዱን ባትሪና የውጩን የሚቀያይር ጃምፐር (ፒኖችን የምታገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ካለም ወደ ውጩ አዙሩት።

ይሄ ሁሉ ቦርዱ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ «እስቲ ሰክተን እንየው» የምትለዋ ነገር ናት የምታጠፋው። ከአሜሪካ በሻንጣም በኮንቴይነርም የመጡ አሮጌ ዴስክቶፖች ከኋላቸው ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው፣ 115 እና 230 የሚል። እዚያ የነበረው በ115 ነው። እዚህ አምጥታችሁ 220 ላይ ስትሰኩት በ115 የተቀመጠው ሰርኪዩት ቮልቴጁን እጥፍ ስለሚያደርግ ውስጥ ያሉት ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ላይ በድምሩ ወደ 620 ቮልት ገደማ ያርፋል። እያንዳንዳቸው የሚችሉት 200 ነው። ይፈነዳል፣ በቃ። አንድ ሰከንድ ጎንበስ ብሎ ማየት እንዴት ይከብዳል?

ማብሪያው ትክክል ቢሆንም አትቸኩሉ። በዚያ ዘመን ብዙ ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ ሪፋ የሚባል ቡናማ፣ ውስጡ የሚታይ ካፓሲተር አለ። የተሠራው ከወረቀት ነው፣ ሽፋኑ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቅና እርጥበት ይገባዋል፣ መብራት ሲያገኝ ከደቂቃዎች በኋላ ቤቱን በጭስ ይሞላል። ስንጥቅ ካያችሁ አትሰኩት፣ የማይክሮፋራድ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ኤክስ2 የሚል የተጻፈበት ባለ 275 ቮልት የፊልም ካፓሲተር ተኩበት። የሌላ ዓይነት አይሆንም፣ ኤክስ2 መሆኑ ለደህንነት ነው። ፓወር ሰፕላይ ከመክፈታችሁ በፊት ከሶኬት ነቅላችሁ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ ጠብቁ፣ ባዶ መሆናቸውን በሞልቲሜትር ሳታዩ እጃችሁን አታስገቡ። በዚህ ነገር ሰው ይሞታል።

ላፕቶፕ ያላችሁም እንዳታልፉት። በ1990ዎቹ የቶሺባ ላፕቶፖች ውስጥ ከዋናው ባትሪ ሌላ በሽቦ የተሰካ መጠባበቂያ ባትሪ አለ፣ እሱም ያፈሳል። ደግነቱ መሰኪያ ስላለው ፒንሳ እንኳ አይፈልግም፣ ብሎን ፈትቶ መንቀል ነው። ቲንክፓድ ላይ ያለችው ሲአር2032 እምብዛም አታፈስም፣ ስታልቅ 0271 ብላ ስለ ሰዓት ትጮሃለች፣ በባለ ሽቦዋ መተካት ነው። «ባትሪዋን ካወጣናት የባዮስ ፓስወርዱ ይጠፋል» ብላችሁ የተቆለፈ ቲንክፓድ የምትሸጡ ግን ተዉ። ሱፐርቫይዘር የሚባለው የባዮስ ፓስወርድ ኢኢፕሮም ቺፕ (ያለ ኤሌክትሪክም የሚያስታውስ) ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ባትሪ ወጣ አልወጣ አይነካውም። ዋናው ሊቲየም ባትሪ ካበጠ ደግሞ ቻርጅ አታድርጉት፣ በብረት አትፈልቅቁት፣ ከላፕቶፑ ለይታችሁ የሚቃጠል ነገር በሌለበት አስቀምጡት።

ይሄ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በስሪት 3.0፣ በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት፣ አማርኛ የተጻፈው እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ ፎንት በራሱ አቀማመጥ ነበር። ያንን ፋይል አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው የሚወጣው። ትክክለኛው ፎንትና ሶፍትዌር ያለው እዚያው አሮጌው ማሽን ሃርድዲስክ ላይ ነው። የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአባት ደብዳቤ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እና እሱን ነው በኪሎ የምንሸጠው! ቦርዱ ቢሞት እንኳ ሃርድዲስኩን አውጥታችሁ አስቀሩ። የአይዲኢ ዲስክ (የዚያ ዘመን የሃርድዲስክ ዓይነት) ብዙውን ጊዜ በዩኤስቢ አዳፕተር ይነበባል፣ ሲነበብም ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን የፎንት ፎልደሩንም አብራችሁ ቅዱ።

ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍሎች፦ መጋዘን ያሉትን አሮጌ ማሽኖች ለማስወገድ ኮሚቴ እስኪቋቋም ባትሪው አይጠብቅም። ክዳን አንስቶ ቆርጦ ማውጣት አንድ ቴክኒሻን በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ነው። የወጡትን ባትሪዎች ከቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉ፣ በተዘጋ ፕላስቲክ ዕቃ ለብቻ አድርጓቸው።

ለምትሸጡት ደግሞ፦ የውጩን ፎቶ ስድስት ጊዜ አትለጥፉልን። ክዳኑን አንሱ፣ የኪቦርድ መሰኪያው ያለበትን ጥግ ከቅርብ አንስታችሁ ለጥፉ፣ የቦርዱን ጀርባም ጨምሩ። ከዚያ በዋጋው እንነጋገራለን።