ከጃርዲያው ኪኒን በፊት ስለ ወተቱ ይጠየቅ

ሆዱ የሚነፋ፣ የሚጮህበትና የሚያስቀምጠው ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ፋርማሲ ነው። «ጃርዲያ ነው» ይባላል፤ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጣ እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ።

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው የትንሹ አንጀት ኢንዛይም ነው። ላክቴዙ ካነሰ ስኳሩ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ መነፋቱና ቁርጠቱ ከዚህ ይመጣል። ውሃም ስለሚስብ ተቅማጥ ይከተላል።

ይህ በሽታ አይደለም። በዓለም ላይ ከ3 አዋቂዎች የ2ቱ ገደማ ላክቴዝ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። እስከ እርጅና ወተት የሚስማማቸው በ2ኛው ክሮሞሶም ላይ ትንሽ ለውጥ የወረሱ ናቸው። በአውሮፓ በብዛት የሚታየው አንድ ዓይነት ለውጥ ነው። እኛ አገር ግን በርካታ ዓይነቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ በተለይ ወተት ኑሯቸው በሆነው በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ወተት አልጠጣም ያለውን ልጅ «ቅምጥል» ማለት ግፍ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ጃርዲያም በእርግጥ መኖሩ ነው። የአንጀትን ግድግዳ ስለሚጎዳ ላክቴዝን ለጊዜው ይቀንሳል። ተውሳኩ በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም ወተት ለሳምንታት ላይስማማ ይችላል። ሰውየው ግን «አለቀቀኝም» ብሎ ሁለተኛ ዙር ኪኒን ይውጣል። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥርጣሬ ያለው ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል ወተት ትቶ ይየው። ከተሻለው በትንሽ በትንሹ፣ ከምግብ ጋር ይሞክር። ብዙዎች አንድ ብርጭቆ ያህል፣ ማለትም 12 ግራም ገደማ ላክቶስ፣ ይችላሉ። ማኪያቶ ላይ ያለችው ወተት ደግሞ ከዚያም ታንሳለች።

መፍትሔው ጓዳችን ውስጥም አለ። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ስለሚጨርሱት እርጎ ይሻላል። አይብ ሲወጣ ብዙው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ቅቤ ላይማ ከቁጥር አይገባም።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ስላስቀመጠው ብቻ ጡት አይከልከል። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ «ወተቱ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።