የክፍሉን ነገር ሳትነግሩን ስፒከሩን አትፍረዱበት

ስለ ቤት ውስጥ ስፒከሮች ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ሰው «ሁሉም እንደየጆሮው ነው» ይልና ጨዋታው በዚያው ይዘጋል። አባባሉ ትሕትና ያለበት ይመስላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን አነስተኛ ስፒከር አንዱ «ድምፃዊው ፊቴ ቆሞ የሚዘፍን ያህል ነው» ብሎ ሲያሞግሰው ሌላው ያንኑ ዕቃ «ቆርቆሮ ነው፤ ቤዝ የሚባል ነገር የለውም» ብሎ ሲያጣጥለው፣ ልዩነቱን ሁሉ በጆሮ ማሳበብ ትልቁን ምክንያት መሸፈን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚለያየው የሰዎቹ ጆሮ ሳይሆን ቤታቸው ነው፤ ስፒከሩን ያስቀመጡበት ቦታ፣ ከግድግዳ ያራቁበት መጠን፣ ድምፁን የከፈቱበት ልክ፣ ያዳመጡት ሙዚቃ ነው። አስተያየት ሰጪው ግን ይህን ሁሉ ትቶ የዕቃውን ስምና የራሱን ፍርድ ብቻ ይነግረናል።

ይህን የተረዳሁት በገዛ ሳሎኔ ነው። የብዙ አድማጮችን ምስጋና አንብቤ ያገለገሉ ጥንድ ስፒከሮች ገዛሁና፣ በአዲስ አበባ ቤቶች እንደተለመደው፣ ቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ የከፈትኩት በገና ነበር። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ ያን የሚንዘረዘር ድምፁን የሚሰጡት ደግሞ እንዝራ የሚባሉት፣ አውታሩ ከሚያርፍበት እንጨት ላይ የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ናቸው። በእኔ ሳሎን ግን የእንዝራው ድምፅ ተውጦ ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ቀረ። ወፍራሙ አውታር በተነካ ቁጥር ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደሩት የቡና ሲኒዎች አብረው ይንቀጫቀጩ ስለነበር ባለቤቴ «ኧረ ሲኒዎቹን እንዳታረግፋቸው!» እያለች ድምፁን ታስቀንሰኝ ነበር። እነዚህን ስፒከሮች ያመሰገኑትን ሰዎች ሁሉ በሆዴ ታዘብኳቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡፌው ሲጸዳ ስፒከሮቹን አውጥቼ ሁለት በርጩማዎች ላይ፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቄ አቆምኳቸውና ያንኑ በገና መልሼ ከፈትኩት። እንዝራው መጣ። ደርዳሪው ጣቱን ከአውታሩ ሲያነሣ፣ ንዝረቱ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ሲሄድ፣ በሁለት ቃላት መካከል ትንፋሹን ሲስብ ሁሉ ይሰማ ነበር። ስፒከሩ ያው ስፒከር ነው፤ ጆሮዬም ያው ጆሮዬ ነው። ስለ ዕቃው የነበረኝን ፍርድ የገለበጠው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ብዙዎቹ የመደርደሪያ ስፒከሮች ከኋላቸው የአየር ቀዳዳ አላቸው፤ ከዚያ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ጠባብ ቡፌ ውስጥ ሲታፈን እንጨቱም መስታወቱም አብረው ይጮኻሉ። ግድግዳና ማዕዘን ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ መልሰው ስለሚልኩት ያበዙታል። በዚህ ላይ ክፍሉ ራሱ ለይቶ የሚያገዝፈው ድምፅ አለው፤ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ሳሎን በ43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) አካባቢ ያለውን፣ 3 ሜትር ወርድ ያለው ደግሞ በ57 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ያሳብጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ አውታር ወደ 41 ኸርዝ ስለሆነ፣ ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ ከተቀመጠ አድማጩ ያ ድምፅ ሲያጥለቀልቀው፣ ከክፍሉ መሀል ወንበር ስቦ የተቀመጠው ጓደኛው ግን እዚያው ቤት ውስጥ ያንኑ ድምፅ ፈልጎ ያጣዋል። ሁለቱም ያልሰሙትን አልተናገሩም። ከ200 ወይም ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በተመለከተ የአድማጭ ምስክርነት ስለ ስፒከሩ የሚናገረውን ያህል ስለ ክፍሉም ይናገራል።

የጃፓኑ ኩባንያ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት አድማጭ ብሎ ያወጣውን ኤንኤስ 10 የተባለውን ስፒከር ታሪክ ለዚህ እንደ ዋና ማስረጃ እቆጥረዋለሁ። ነጭ የወረቀት ኮን (እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣ ሾጣጣ ገጽ) ያለው ይህ አነስተኛ ሣጥን እንደ ቤት ስፒከር ብዙ ወዳጅ አላገኘም፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጆሮ ይቆረቁራል ተባለ። ያው ሣጥን ወደ ሙዚቃ ስቱዲዮ ገብቶ ከማቀናበሪያው ጠረጴዛ በላይ፣ ከባለሙያው ፊት አንድ ሜትር ያህል ርቆ ሲቀመጥ ግን በዓለም ዙሪያ ያሉ ስቱዲዮዎች የማይለዩት መሣሪያ ሆነ። የጠረጴዛው ገጽ የሳሳውን ቤዝ ያግዘዋል፤ በቅርበት መቀመጡ የክፍሉን ጣልቃ ገብነት ይቀንሳል፤ ቤት ውስጥ ያስነቀፈው የመሀለኛው ድምፅ ጉልህነት የድምፃዊውንና የጊታሩን ስሕተት አጉልቶ ስለሚያሳይ ለሥራ ተፈለገ። ቀጭኑ ድምፅ ሲበዛባቸው አንዳንድ ባለሙያዎች እሱን በሚያወጣው ትንሹ የስፒከሩ አካል ላይ ሶፍት ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ኩባንያው በኋላ ለስቱዲዮ ብሎ ያሻሻለውን ዓይነት አወጣ፤ ምርቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እንግዲህ የነቀፈው የቤት አድማጭም፣ ያወደሰው የስቱዲዮ ባለሙያም ልክ ነበሩ።

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያበለጸገው ኤልኤስ 3/5ኤ ደግሞ ከመነሻው ለጠባብ ቦታ የታሰበ ነው። ከስቱዲዮ ውጭ ሥርጭት በሚሠራባቸው መኪኖች ውስጥ ትልቅ ስፒከር ስለማይገባ፣ ንግግርን በትክክል የሚያሰማ 5 ሊትር ያህል ይዞታ ያለው ሣጥን ተሠራ። የሰውን ድምፅ በሚያሰማበት ጥራት እስከ ዛሬ የሚወዱት ሰዎች አሉት። በሰፊ ሳሎን ለጭፈራ የከፈተው ሰው ቢያማርርበት አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሳሎኑ ሰፊ መሆኑንና ጭፈራ መኖሩን ካልነገረን ምስክርነቱ ጎደሎ ነው።

የሙዚቃው ዓይነትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሙዚቃ አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸውን ዓይነት የዘመኑን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች የሚያዳምጥ ሰው ድምፃዊውና ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ጎልተው ስለሚመጡለት በአነስተኛ ስፒከር ይረካል፤ በኮምፒውተር የተቀናበረ የዛሬ ቤዝ የለመደው ግን አንድ ነገር እንደጎደለው ወዲያው ያውቃል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሁሉም እንደየጆሮው ነው ከማለት በምን ይለያል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በጣም ይለያል። የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ ለዓመታት ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ አድማጮች ስፒከሩን ሳያዩ፣ ድምፁ በእኩል ልክ ተስተካክሎላቸው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲያዳምጡ ምርጫቸው በእጅጉ እንደሚቀራረብ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ከሌላው ተመራማሪ ከሾን ኦሊቭ ጋር ባቀረቡት ጥናት 40 አድማጮች አራት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ በመጋረጃ ተጋርደውባቸው አዳመጡ። እያዩ ሲያዳምጡ ግዙፎቹና ውዶቹ ከፍ ያለ ነጥብ አገኙ፤ ትንሹና ርካሹ ዝቅ አለ። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፦ ስፒከሮቹ በክፍሉ ውስጥ ቦታ ሲቀይሩ የሚመጣውን ለውጥ አድማጮቹ በመጋረጃ ጊዜ በግልጽ ለዩት፤ እያዩ ሲያዳምጡ ግን ያ ለውጥ ከነጥባቸው ላይ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ዓይን የሚያየውን ካወቀ በኋላ ጆሮ ክፍሉን መስማት ይተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ተራው አድማጭ ሊታመን የሚችል ዳኛ ነው፤ የሚጎድለው ፍርዱን የሰጠበትን ሁኔታ መናገር ነው።

የድምፁ ልክ ነገርም ቀላል አይደለም። በአንድ አምፕሊፋየር ላይ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) የሚበልጥ ድምፅ ለማግኘት እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በአንድ የድምፅ መክፈቻ ልክ ሁለት ስፒከሮችን የሚያወዳድር ገዢ፣ በዚያው ኃይል ጎልቶ የሚጮኸውን ስፒከር ሳያውቀው «የጠራ ድምፅ ያለው» ብሎ ይመርጣል። ገበያ ሄዶ ባለሱቁ እየከፈተለት የመረጠ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ የሚደነግጠው አንድም በዚህ ነው።

ክፍልን መግለጽ የባለሙያ መሣሪያ አይጠይቅም። ሜትር ባይኖር በስንዝርና በእርምጃ ይለካል፤ ወለሉ ሴራሚክ ይሁን ምንጣፍ፣ መጋረጃው ወፍራም ይሁን ስስ ማንም ያውቀዋል። እኔ ስለ ስፒከሮቼ የምመሰክረው እንዲህ ነው፦ ሳሎኑ 4 በ3 ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መሀል ላይ አንድ ምንጣፍ፤ ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ሁለት ስንዝር ርቋል፤ ድምፁ ሰው ሳይጮኽ ሊያወራ በሚችልበት ልክ ነው። ቡፌ ውስጥ፦ በገናው ያጉረመርማል፣ እንዝራው አይሰማም። በርጩማ ላይ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ርቀው፦ አሥሩም አውታሮች ተለይተው ይሰማሉ፤ ከሁሉም ወፍራሙ አውታር ብቻ አሁንም ትንሽ ይገዝፋል፤ ሶፋውን አንድ ስንዝር ወደ ፊት ስስበው ያም ይቀንሳል።