«ፔኒሲሊን አለ» መልስ አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የምርምር በጀት ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ ሐኪም የተናገሩት ነገር ሊዋጥልኝ አልቻለም። በናኖ ቅንጣት (በዓይን በማይታይ እጅግ ደቂቅ ቅንጣት) ላይ ተጭኖ የሚሰጥ የፔፕታይድ (የአጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ክትባት፣ የጉሮሮ ሕመም ለሚያመጣው ባክቴሪያ ለቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ «ቅንጦት ነው» አሉ። ምክንያታቸው? «ባክቴሪያውን ፔኒሲሊን እስካሁን ይገድለዋል።»

ይገድለዋል፤ ማን ካደ? ግን መጀመሪያ ወላጅ ነገሬ ሊለው፣ ሐኪም ሊያየው፣ መድኃኒቱም በጊዜው ሊደርስ ይገባል። የጉሮሮ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይሻልና ይረሳል። አንዳንዴ ግን ከሳምንታት በኋላ የልጁ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ የልብ ቫልቩ ይጎዳል። የተበላሸ ቫልቭ ደግሞ በፔኒሲሊን አይጠገንም። ልጁ ዳሌው ላይ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚያመውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል፤ ያውም በሽታው እንዳያገረሽበት ብቻ። እንዲህ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም በየዓመቱ 3 መቶ ሺህ ገደማ ሰው እየገደለ «መድኃኒት አለ» ብሎ መከራከር ጭካኔ ነው።

ለምን ፔፕታይድ? በዚህ ባክቴሪያ ገጽ ላይ ያለው ኤም ፕሮቲን ከፊሉ የልብን ፕሮቲኖች ይመስላል። ሙሉውን ከወጋን ሰውነት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ዞሮ ልብን ሊያጠቃ ይችላል። አሜሪካ በዚሁ ስጋት እ.ኤ.አ. በ1979 ከቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚሠሩ ክትባቶችን አግዳ፣ እገዳው እስከ 2006 ዘልቋል። በፔፕታይድ ግን አደገኛውን ክፍል ትቶ፣ ከዝርያ ዝርያ እምብዛም የማይለዋወጠውን ቁራጭ ብቻ መምረጥ ይቻላል። ጄ8 የሚባለው ፔፕታይድ የተመረጠው እንዲህ ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለው ካለ ያሳየን!

«ፔፕታይድ ደካማ ነው» የሚሉም አሉ። ብቻውን ሲሰጥ፣ አዎ፤ ኢንዛይም ይበላዋል፣ የመከላከያ ሥርዓቱም ከቁብ አይቆጥረውም። ናኖ ቅንጣት ያስፈለገው ለዚሁ አይደለም ወይ? ቅንጣቱ ፔፕታይዱን ከመፈራረስ ይጠብቀዋል፣ የመከላከያ ሴሎች ወደሚሰባሰቡበት ሊምፍ ዕጢ ያደርሰዋል። ገጹ ላይ በብዛት ተደርድሮ ሲቀርብ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተው የአንድ ቢ ሴል ብዙ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ይያዛሉ፤ ሴሉም ይነቃል። ዘዴው አዲስ ጀብዱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሚሰጠው በጂን ምህንድስና የተሠራ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ራሱ 22 ናኖሜትር ገደማ የሆነ የፕሮቲን ቅንጣት ነው።

«በሰው ላይ በቂ ማስረጃ የለም» የሚለው ብቻ እውነት አለው። ማስረጃው ግን ከየት ይምጣ? በጀቱን የያዙት ሰዎች የሰው ሙከራውን ገንዘብ ከልክለው የሰው ማስረጃ አምጡ ማለታቸውን ያቁሙ።